ለሰው መቆሚያው ብዙ ነው

ስለ ሌላ ሰው መብት መቆም ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ድቅን የሚለው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ድምፁ የጎላ፣ አንደበቱ የተሳለ፣ አደባባይ የማይፈራ። ይህን ሰው እናደንቀዋለን፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የጥብቅና ልኩ እሱ ብቻ ነው ብለን ስናምን፣ ድምፁ የሳሳውና ሰው ፊት ሲቆም ጉልበቱ የሚከዳው «ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ይቀመጣል። የተበደለውም ሰው ከጎኑ ሊቆሙለት ይችሉ ከነበሩት አብዛኞቹን ያጣል። ለሰው መቆም ስንት መልክ እንዳለው፣ እያንዳንዳችንም የራሳችንን በምን እንደምናውቀው መመርመር ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

የቀድሞው የሀገራችን ሙግት አንደበትን ያከብር ነበር። በ«በላ ልበልሃ» ተከራካሪው ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ጨብጦ፣ ነገሩን በግጥምና በምሳሌ እያዋዛ ባላጋራውን ይፋጠጣል፤ በቅሎ ይወራረዳል፣ ማር ይወራረዳል። ዳኛ ባይኖር እንኳ መንገደኛን አስቁሞ «ፍረደን» ማለት የተለመደ ነበር። ሆኖም ያ ሙግት በተናጋሪ ብቻ አይቆምም። በባለጉዳዩ ዙሪያ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ነገር የሚያውቅለት ነገረ ፈጅ አለ። ያየውን የሚናገርለት ምስክር አለ። ከችሎት ውጭ ሁለቱን ወገን የሚያነጋግር ሽማግሌ አለ። የጨከነውን ልብ የሚያራራለት አማላጅ አለ። ከሁሉም በላይ ዋስ አለ፤ ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር በቁራኛ ይታሠር ነበርና። አምስቱም ለአንድ ሰው የቆሙ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። አንደበት ያልተሰጠው ሰው በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አላጣም።

ከነገረ ፈጁ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን በጥይት ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ጉዳይዋን የያዘላት በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩን ከመሠረቱትና ከመሩት አንዷ መዓዛ አሸናፊ ነበረች። ልጅቷ ራሷን መከላከሏ ታምኖ ነጻ ወጣች፤ ታሪኩም በኋላ «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ የምለው የክርክሩን ድል ብቻ አይደለም። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። ያ በር የተዘጋው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሲወጣ ነው፤ ይህ እንዲሆን የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ ለዓመታት ጎትጉተዋል። የነገረ ፈጅ ተሰጥኦ እዚህ ላይ ይታያል። አንዲት ልጅ ፊቱ ተቀምጣ ሳለ፣ ከኋላዋ የተሰለፉትን፣ ስማቸውን የማያውቃቸውን ልጆች ማየት ይችላል። ሌላው ሰው በደሉን አይቶ ሲቆጣ፣ እሱ በደሉን የፈቀደውን አንቀጽ ይፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቀዝቃዛ ሊመስል ይችላል፤ ቅዝቃዜው ግን የትዕግሥት ነው።

ምስክሩ ሌላ ነው። የምስክርን ሥራ በደንብ ያሳየኝ ሕግ ያልተማረ ሰው ነው። በአዲስ አበባ ፍርድ ቤቶች አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው፣ የጽሕፈት መኪናቸውን አነስ ባለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ከነሱ አንዱ ፊት አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ አጥሬን ገፋው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደ ሰውም አላየኝ። እግዜር ይየው።»

«እማማ፣ አጥሩን የገፋው መቼ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ዝናብ ነበር።»

«ከፍልሰታ በፊት ነው፣ በኋላ?»

«ፍልሰታን ልይዝ ስል።»

«እንግዲያው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ሲገፋው ማን አየ?»

የጎረቤታቸውን ስም ነገሩት። ምን ያህል እንደገባ ሲጠይቃቸው ከወንበሩ ተነሥተው አስፋልቱ ላይ ሦስት እርምጃ ተራመዱ፤ ዞረውም ተመለከቱት። እሱም እርምጃቸውን በዓይኑ ለክቶ «ሁለት ሜትር ገደማ» ብሎ መታው። ጨርሶ ሲያነብላቸው ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱና «አዎ፤ ልክ እንዲህ ነው ያደረገኝ» አሉ።

ሰውየው አብሯቸው አላለቀሰም፤ አጥሩን የገፋባቸውንም ሰው አልረገመላቸውም። ያደረገው ነገር ቢኖር ሐዘናቸውን ቀን፣ ቦታ፣ ልክና ምስክር ያለው ነገር ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳኛው የሚያነበው የአንዲት ምስኪን መበሳጨትን ሳይሆን በሐምሌ መጨረሻ ሁለት ሜትር መሬት መወሰዱን ነው። እኒያ እናትም የደረሰባቸውን በሌላ ሰው አንደበት ሲሰሙ፣ መበደላቸው እውነት መሆኑ ለራሳቸው ተረጋገጠላቸው። የተበደለ ሰው ከሚያጣቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ማረጋገጫ ነው፤ «ምናልባት እኔ ይሆናል ያጠፋሁት» ማለት ይጀምራል። ምስክር ያንን ጥርጣሬ ያነሣለታል።

በሀገር ደረጃ ይህንኑ ሥራ የያዘው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከጓደኞቻቸው ጋር በ1984 ዓ.ም. የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን የጂኦግራፊ ምሁር ነበሩ፤ ስለ ረኃብም ያጠኑ ነበር። የሚያጠና ሰው «ብዙ ሰው ተጎዳ» በሚል ቃል አይረካም፤ ማን፣ የት፣ በየትኛው ቀን ብሎ ይጠይቃል። የኢሰመጉ መግለጫዎች ጉልበትም ከዚያ ይመጣል፤ የተገደለው ሰው በስሙ፣ የታሠረው በታሠረበት ቀን ይጻፋል። በመሐላ የሚካድ ነገር ሞልቷል፤ በስምና በቀን የተጻፈውን መካድ ግን ከባድ ነው።

ሽማግሌው ደግሞ በሁለቱ ወገን መካከል ይቆማል፤ በመካከል መቆም ወገን አለመያዝ የሚመስላቸው አሉ። ቦጋለች ገብሬን ያየ ግን እንዲህ አይልም። ቦጋለች ከምባታ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ተገርዛ፣ ውጭ ሀገር ተምራ ተመልሳ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የተነሣች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅቷ ጋር ድርጅት አቋቋመች። አስቀድማ ለመናገር የፈለገችው በአካባቢው ጭራሽ ስለማይወራ ነገር ነበር። ሕዝቡ ያነሣባት ግን ሌላ ችግር ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ገበያ ለመድረስ የሚሻገሩበት ድልድይ አልነበረም። እሷም ሐሳቧን ለጊዜው ይዛ ድልድዩ እንዲሠራ አደረገች። ሰው ጆሮውን የሰጣት ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌ፣ ባል፣ አማት፣ ገራዥ ሳይቀር አንድ ላይ ተቀምጠው እስኪተማመኑ የሚነጋገሩበት የማኅበረሰብ ውይይት ተጀመረ። ያልተገረዘች ሙሽራና በዚህ የሚኮራ ሙሽራ በአደባባይ ተጋቡ፤ በከምባታም ልማዱ ተሰበረ። ሽማግሌ በመካከል የሚቆመው ከማንም ጋር ስላልሆነ አይደለም። የሚያስበው ነገ ጠዋት ልጅቷ ከአባቷና ከአያቷ ጋር በአንድ ቤት እንደምትውል ነው። በእልልታ ካልተቀበሉት ሕግ ጓዳ ውስጥ አይደርስም፤ ሽማግሌው ይህን ያውቃል።

አማላጁ ከሁሉም ይለያል፤ ምክንያቱም ጥፋተኛ ለሆነውም ይቆማል። በጣና ገዳም የምትታሰበው የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ገድል፣ ይህችን ሴት ማንም ወዳልደፈረው ልመና ይወስዳታል። እግዚአብሔር ከዲያብሎስ ጋር እንዲታረቅ ለመነች። እነሱ ከታረቁ የአዳም ልጅ ከመከራ ያርፋል ብላ ነው። ቅዱስ ሚካኤል እየመራት ወደ ሲኦል ወርዳ ጠራችው፤ ዲያብሎስ ግን ዕርቁን ንቆ እሷኑ ጎትቶ ሊያስቀራት ሲል ሚካኤል አዳናት፤ ስትወጣም ብዙ ነፍሳትን ይዛ ወጣች። አንባቢው አማኝ ቢሆን ባይሆን፣ እዚህ ውስጥ ያለው ሐሳብ ትልቅ ነው። ሕግ ማን ምን እንደሚገባው ይጠይቃል። አማላጅ የሚነሣው «የሚገባው» ካለቀበት ነው። ሁሉም የተወውን እስረኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ይዛ የምትጠይቀው አሮጊት፣ ከትምህርት ቤት የተባረረውን ልጅ አስከትሎ ርዕሰ መምህሩ ደጅ የሚቆመው አጎት የዚህች ቅድስት ወገኖች ናቸው። ሙግት አይዙም፤ ግንኙነትን ይዘው «ስለ እኔ ብለህ» ይላሉ።

እዚህ ላይ ግን ሳላልፍ የምናገረው ነገር አለ። እነዚህ ሁሉ መልኮች ለጉልበተኛም ያገለግላሉ። ጠላፊው ልጅቷን ከወሰደ በኋላ ወደ ወላጆቿ የሚልከው ሽማግሌ ነው፤ «የሆነው ሆኗል፣ ታርቃችሁ ዳሯት» ይባላል። አንደበተ ርቱዑ ነገረ ፈጅ መሬት ለነጠቀውም ይከራከራል። አማላጅ የበዳዩን እንባ ተሸክሞ የተበዳይዋን ደጅ ሲያጨናንቅ፣ እንቢ ያለችው እሷ ክፉ ተብላ ትቀራለች። ስለዚህ «የእኔ መንገድ ሽምግልና ነው»፣ «የእኔ መንገድ ንግግር ነው» ማለት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መልኩ የሚመዘንበት ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል። ያንን ሚዛን የማገኘው አምስተኛው ሰው ዘንድ ነው።

ዋስ ብዙ አይናገርም። ዛሬም ለገንዘብ ያዥነት የሚቀጠር ሰው «ዋስ አምጣ» ይባላል፤ ዋሱም ደመወዙን ወይም ንብረቱን አስይዞ ይፈርማል። የሚፈርመው ሰው ጓደኛው ጥሩ ሰው መሆኑን በቃል ቢያወራ ማንም አያዳምጠውም። የሚያዳምጡት ቢሳሳት የሚያጣው ነገር ስላለ ነው። የዚህን ሰው መልክ በአበበች ጎበና ሕይወት ውስጥ አያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሄደው በረኃብ የረገፈ ሕዝብ አገኙ። ከሞተች እናቷ አጠገብ የነበረች ሕፃን ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ወይ ልጆቹን ወይ ትዳሩን ምረጪ ሲባሉ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ውሎ አድሮ ያ ውሳኔ ለብዙ ሺህ ልጆች የተረፈ ድርጅት ሆነ። ወ/ሮ አበበች ስለ ወላጅ አልባ ሕፃናት መብት ንግግር ከማድረጋቸው ከረጅም ጊዜ በፊት፣ ትዳራቸውን አስይዘው ፈርመው ነበር።

ዋስን ከሌሎቹ ጎን ባስቀመጥሁት ቁጥር የሚገለጥልኝ ይህ ነው። ዋስነት አምስተኛ መልክ ብቻ አይደለም፤ የአራቱም መፈተኛ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ሲታሠሩ ምስክርነታቸው ዋስ አገኘ፤ ዋሱ የገዛ ራሳቸው ሰውነት ነው። ክርስቶስ ሠምራ ከሩቅ ሆና አልለመነችም፤ ሲኦል ድረስ ወረደች። ቦጋለች የተወለደችበት ማኅበረሰብ ፊት ስለ ገዛ ገላዋ ተናገረች። ጠላፊው የላከው ሽማግሌ ግን ምንም አላስያዘም፤ የሚያስይዘው የልጅቷን ሕይወት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። ለሰው የሚቆም ሰው ከራሱ ይከፍላል፤ በሰው ላይ የሚቆም ሰው ከሌላው ያስከፍላል።

እንግዲያው የራሴን መንገድ በምን ላውቀው? ብዙ ጊዜ መልሱን የምንፈልገው በጠባያችን ውስጥ ነው፤ ዝምተኛ ነኝ ወይስ ተናጋሪ፣ ቁጡ ነኝ ወይስ ታጋሽ እንላለን። ይህ ይጠቅማል፤ ግን አያደርስም። ሁለት ጥያቄዎች ይበልጥ ያደርሳሉ ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው፣ ሰው ሲቸግረው ለምን ጉዳይ ወደ እኔ ይመጣል የሚለው ነው። ሰፈር ከእኛ በፊት ያውቀናል። ደብዳቤ የሚያጽፉት አንዱን፣ ሌሊት ሐኪም ቤት አብሮ እንዲያድር የሚጠሩት ሌላውን፣ ከባሏ ጋር የተጣላች ሴት የምትሄደው ወደ ሦስተኛዋ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ደጋግሜ ብከፍል የማያማርረኝ ምንድን ነው የሚለው ነው። ለአንዱ ጊዜው ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ወረፋ ሲጠብቅ ቢውል ቅር አይለውም። ለሌላዋ መወደዷ ነው፤ በስብሰባ መሐል ሁሉም የሚያልፈውን ጥያቄ ጠይቃ ብትጠላ ትችለዋለች። ለሌላው ቤቱ ነው፤ ለሌላው ስሙ ነው። ገንዘቡን ሳይሰስት የሚሰጥ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ በክፉ ዓይን መታየት የማይችል ሰው አለ፤ እሱ ዋስ ይሁን፣ ተናጋሪነቱን ለሌላ ይተው። የምንከፍለውን ስናውቅ የምንቆምበት ቦታ አብሮ ይታወቃል።

ይህ ግን ማምለጫ እንዳይሆን እፈራለሁ። «እኔ የንግግር ሰው አይደለሁም» የሚለው ቃል እውነትም፣ መደበቂያም ሊሆን ይችላል። ሙሴ ወደ ፈርዖን ሲላክ አፌ ኮልታፋ ነው ብሎ ነበር። የተሰጠው መልስ «እንግዲያው ቅር» አይደለም፤ ወንድሙ አሮን አብሮት እንዲናገር ተደረገ፣ ሙሴ ግን ሄደ። መልክን ማወቅ ማለት የማልችለውን የሚችል ሰው መፈለግና አብሮ መሄድ ማለትም ነው። አንድ በደል ብዙ ጊዜ አምስቱንም ይጠይቃል፤ አምስቱም በአንድ ሰው ውስጥ አይገኙም።

የመጨረሻው ፈተና የምንቆምለት ሰው ነው። ስለ እሱ ስንናገር እሱ እያነሰ፣ እኛ እየገዘፍን ከሄድን የያዝነው መንገድ የእኛ ክብር እንጂ የእሱ መብት አይደለም። ማሚቱ ጋሼን ማሰብ እዚህ ላይ ይረዳኛል። ገና በልጅነቷ ከከባድ ምጥ በኋላ በፊስቱላ ታማ አዲስ አበባ፣ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ወደሚሠሩበት ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጣች። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ድና በዚያው ቀረች፤ መጀመሪያ አልጋ ታነጥፍ ነበር፣ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ጀመረች፣ በመጨረሻ ራሷ ቀዶ ሐኪም ሆና ሌሎችን አዳነች። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሐምሊኖች ጋር የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ከተሸላሚዎቹ አንዷ ነበረች። ሐምሊኖች ለፊስቱላ ታማሚዎች ለዓለም ሁሉ ተናግረዋል፤ ከንግግራቸው ሁሉ የሚልቀው ግን ለማሚቱ መሣሪያውን መስጠታቸው ይመስለኛል።

በሊባኖስም ይኸው ታይቷል። በዚያ የከፋላ ሥርዓት አሠሪው የሠራተኛዋ ኃላፊ ሆኖ የመኖሪያ ፈቃዷን በእጁ ይይዛል፤ ጥላው ብትወጣ ሕገ ወጥ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ራሳቸው «እኛ ለእኛ በስደት» ብለው ተደራጁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሀገሪቱ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮትና ወረርሽኙ ሲጨመርበት፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያወረዱ ጥለው ሄዱ። በዚያን ጊዜ ምግብና የቤት ኪራይ ይዘው ከደረሱት መካከል እነዚሁ ሴቶች ነበሩ። ያውም ብዙዎቹ ራሳቸው ከዚያው ችግር ሳይወጡ። መንገዳቸውን ያገኙት እርስ በርስ ዋስ በመሆን ነው።

ስለዚህ «እንደ እገሌ መናገር ብችል ኖሮ» እያለ የሚቆጭ ሰው ካለ የምለው ይህ ነው። ከእገሌ አንደበት በፊት የራስህን መያዣ ቁጠር። ያለህን፣ የምትሳሳለትን፣ ብታጣው የምትችለውን ለይ። ከዚያም ለአንድ ሰው፣ ስሙንና ደጁን ለምታውቀው ሰው፣ አስይዘው። መንገድህ የአደባባይ ይሁን የጓዳ፣ የብዕር ይሁን የእግር፣ ፈርመህ ስትጀምር ራሱ ይነግርሃል። ሳይፈርሙ የሚታወቅ መንገድ የለም።